የፊት ቀኝ ጎማ

ፋይሉ ቀጭን ነበር። አራት ገጽ ጽሑፍ፣ ስድስት ፎቶግራፍ፣ አንድ የሐኪም ወረቀት፤ በቃ። የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ በጠረጴዛው ላይ ወደ መርማሪዋ ገፋ አደረገውና፣ «ፈርመሽ መልሺልኝ። የክሪክ አደጋ ነው» አላት።

«ማን ሞተ?»

«የጋራዥ ባለቤት። ፒካፕ ከፍ የሚያደርግ፣ ሞላ የሚቀይር፣ ትልልቅ ጎማ የሚያስገባ። ከትናንት በስቲያ አመሻሽ ላይ መኪና ሥር እንደገባ ክሪኩ ከዳው። ክሪኩን የያዘው መካኒክ ዘይት እንደሚያፈስ እያወቀ ዝም ብሏል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን። ጥፋቱንም አምኖ ሊፈርም ነው፣ ምስጋና ይግባው።»

መርማሪዋ ፎቶዎቹን ገለጠች። አንድ ሰው ካርቶን ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ ከወገቡ በላይ ፒካፑ ሥር ነው። ደረቱ ተጨፍልቋል። ምንም አልተሰማትም። ባሏን ከቀበረች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ሞት ከጎረቤት ግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ወሬ ሆኖባታል። የሥራ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «በረዶዋ» ይሏታል። ሰምታለች፤ አልከፋትም፤ ለመከፋትም እኮ ትንሽ ሙቀት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ፎቶ ላይ ግን ዓይኗ ቆመ።

«ይሄ መኪና አራቱም ጎማ አለው» አለች።

«ባይኖረው ነበር የሚገርመኝ» አለ ኃላፊው።

ፋይሉን ሳትፈርም ይዛው ወጣች።

መካኒኩ የጣቢያው ማረፊያ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያያል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጥፍሮቹ ሥር የገባው ግራሶ በሁለት ቀን እስር አልለቀቀም።

«ክሪኩ እንደሚያፈስ ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አውቅ ነበር። ነገ አሠራዋለሁ፣ ነገ አሠራዋለሁ እያልኩ ከረምኩ።»

«ከጋራዡ ስትወጣ መኪናው የት ነበር?»

«መሬት ላይ። አሥር ሰዓት ላይ ጎሚስታው ጎማዎቹን አሰረና አወረድነው። ድጋፍ ብረቶቹን ወደ ግድግዳው መለስኩ። መለስኩ መሰለኝ። ይኸው ሁለት ሌሊት ሙሉ ባስበው ባስበው ጠፋኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። በኋላ አለቃ ለብቻው መልሶ አንሥቶታል ማለት ነው፣ በዚያው ክሪክ። እኔ ነኝ፣ እትዬ። ‹አትንኩ› ብዬ አንድ ወረቀት ብለጥፍበት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር። ወረቀቱን ያምጡልኝና ልፈርም።»

«ብዕር የለኝም» አለችው። ብዕሩ ደረት ኪሷ ላይ ተሰክቷል። «ባለመኪናው ምን ነበር ያዘዘው?»

መካኒኩ ስለ ሥራ ሲጠየቅ ጀርባው ትንሽ ቀና አለ። «ክርክሩማ እሱ ላይ ነበር። ሰውዬው የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ አራት ኢንች ከፍ አድርግልኝ፣ ባለ ሠላሳ አምስት ኢንች ጎማ አስገባልኝ ይላል። አለቃ ደግሞ ‹የቁፋሮ ዕቃ ተሸክመህ በዚያ ቁመት ስትታጠፍ ይገለበጥብሃል። ሁለት ኢንች፣ ባለ ሠላሳ ሦስት ጎማ፤ ከዚያ በላይ እጄን አላነሣም› አለው። ጧት ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አለቃ ያለው ሆነ። የአራቱንም ጥግ ሞላ ሙሉ በሙሉ ቀየርን። ቀጥ ያለ ሥራ ነበር።»

«ቀጥ ያለ?»

«በውሃ ልክ ቢለኩት።»

የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል ይባላል። ይሄኛው ግን ምሣሩን ራሱ ነበር የያዘው፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር፤ የቀረው ጊዜ ስድስት ሰዓት አይሞላም።

ፋይሉን የጻፈው ሳጅን ጋራዡ በር ላይ ጠበቃት። ሆዱ ቀበቶውን ተሻግሮ የወጣ፣ ለማንም ክፉ የማያስብ ሰው ነው። ጋራዡ አንድ ሰፊ አዳራሽ ሲሆን ግድግዳው ላይ ቁልፎች በየመጠናቸው ተሰቅለዋል፤ ጥግ ላይ ያረጁ ሞላዎችና ባሌስትራዎች ተከምረዋል። መሀል ላይ ግራጫው ፒካፕ በአዳዲስ ጎማዎቹ ቆሟል። ገመድ ተወጥሮበታል፤ ከዚያ ምሽት ወዲህ ማንም አልነካውም።

መርማሪዋ ከፊት ለፊቱ ቆማ ብዙ አየችው። «ዘመም ብሏል።»

«ወለሉ ነው» አለ ሳጅኑ። «ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ዘንበል ብሎ ነው የተሠራው።»

እሷ ተንበርክካ ከግራው ጎማ እምብርት ከላዩ እስካለው ቆርቆሮ፣ እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ በስንዝሯ ለካች። ዞራ ቀኙን ለካች። ቀኙ በሦስት ጣት ይበልጣል።

«ወለሉ ቢሆን ጎማውም አብሮ ነው የሚዘመው። በጎማውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት ወለል አያሰፋውም። ለመሆኑ ሳጅን፣ ሟቹ ካንተ ይወፍር ነበር?»

«ኧረ እሱ! ግማሼንም አያህል።»

«እንግዲያው ሆድህን ለመንግሥት ሥራ አውሰኝ። ካርቶኑ ላይ ተንጋለልና ሥሩ ግባ።»

ሳጅኑ ዩኒፎርሙን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ እያቃሰተ ተንጋለለና ገባ። እሷም በደረቷ ተኝታ እጇን ዘረጋች፤ በሳጅኑ ሆድና በመኪናው ሻንሲ መካከል መዳፏ ቀጥ ብሎ ቆሞ አለፈ።

«ክሪክ የለም፤ ድጋፍ የለም፤ በገዛ ጎማው ነው የቆመው። ጨፈለቀህ?»

«አልጨፈለቀኝም።»

«ትንሽ ተንፍስ።»

ተነፈሰ። አሁንም አልነካውም። ድምፁ ከሥር መጣ፦ «ታዲያ እሱን ምን ጨፈለቀው?»

መርማሪዋ ተነሥታ ወደ ፊት ዞረች። ከፊት ቀኝ ጎማው ጎን ሲሚንቶው ላይ አዲስ የተፈነከተ ቦታ አየች፤ እንደ ጨረቃ ግማሽ የተጎመደ። ከዚያ ጎማውን ወደሚያስሩት ዳዶዎች ተጠጋች። ከእያንዳንዱ ዳዶ ጀምሮ የጎማው ብረት፣ ቸርኬው ላይ የሚያልቅ ቀጭን ቢጫ መስመር ተሰምሯል። በሦስቱ ጎማዎች ላይ ስድስት ስድስት መስመር ቆጠረች። የፊት ቀኙ ላይ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት ነው። ከየዳዶው ሁለት መስመሮች አንዱ ቀጥ ብሎ ቸርኬው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል፣ ሌላው ወደ ጎን ዞሯል።

«ውጣና በዚያው ክሪክ ከኋላ አንሥተህ ተወው» አለችው ሳጅኑን። «ሰዓቱንም ጻፍ።» አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።

የጋራዡን የመለዋወጫ መደብር የምታስተዳድረው የሟቹ ሚስት ናት፤ መደብሩ ከጋራዡ ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ጥቁር ለብሳ ከባንኮኒው ኋላ ካርቶን ታስተካክላለች። ለቅሶ ቤት ሰው እየጠበቃት እሷ እዚህ መገኘቷን ራሷም የምታውቅ አትመስልም።

«ነፍስ ይማር» አለች መርማሪዋ። «መቼ ነው ያገኙት?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። እንሂድ ልለው ገባሁ።»

«ከዚያ በፊት የሰሙት ነገር አለ?»

«ኮምፕሬሰሩ ሲጮህ እዚህ የራስ ድምፅም አይሰማም።»

«ጎሚስታው ወንድምዎ ነው አሉ።»

«ታላቄ ነው። አሥራ አንድ ላይ ሄዷል። ድሮ ያመሽ ነበር፤ ልጁ ከሞተችበት ወዲህ ሰው አይደለም። ከሰባት ወር በፊት የመሥሪያ ቤቷ ፒካፕ ተገልብጦ ነው የሞተችው። አንድ ልጁ ነበረች።»

«ፒካፑ ከፍ የተደረገ ነበር?»

ሴትየዋ ካርቶኑን አስቀመጠች። «እዚሁ ነው የተሠራው። ባለቤቴ ‹ሙሉ ሞላ ነው የቀየርኩለት፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው› ብሏል።»

«ከትናንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ ባለቤትዎ ከዚህ የወሰደው ዕቃ ነበር?»

«አላስታውስም» አለች ሴትየዋ። ዓይኗ ግን የታችኛው መደርደሪያ ላይ ሄዶ ተመለሰ።

ጎሚስታውን ያገኘችው በጋራዡ ጥግ፣ በጎማ ክምር መካከል ነው። ስድሳ የተጠጋ፣ ክንዱ እንደ ጎረምሳ የጠነከረ ሰው ነው። አልተነሣም፤ ወንበር ግን ገፋ አደረገላት።

«ጋሼ፣ ዳዶው ላይ መስመር የሚያሰምሩት ለምንድን ነው?»

«ቢላላ እንዲታይ። መስመሩ ካልገጠመ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው።»

«ጎሚስታ ሁሉ ያሰምራል?»

«ማን ይደክማል ብለሽ። እኔም አላሰምርም ነበር።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ሰባት ወር።»

«ቀለሙን ሌላ ሰው ይጠቀምበታል?»

እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። «አላውስም። ክዳኑን ከፍተው ያደርቁብኛል።»

«ከትናንት በስቲያ አራቱንም ጎማ ስንት ጊዜ አሰሩ?»

«አንድ ጊዜ። አሥር ሰዓት ላይ። አሥራ አንድ ላይ ወጣሁ።»

«አልተመለሱም?»

«አልተመለስኩም።»

ድምፁ አይወጣ አይወርድ። መርማሪዋ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ስልክ ስታነሣ ከራሷ አፍ የሚወጣው ነው። ማንም ሰው ፊት ላይ ያላየችውን አሁን በጆሮዋ ሰማችው፤ ደስ አላላትም።

የጉድጓድ ቆፋሪው ግን ድምፅ አላጣም። ከበሩ ጀምሮ እየጮኸ ገባ። «መኪናዬን መቼ ነው የምትለቁልኝ? ሥራ ቆሞብኛል! ለሞተው አዝናለሁ፣ ግን እኔ ምን አደረግሁ?»

«እርስዎ አንድ ነገር ደብቀዋል» አለች መርማሪዋ በቀዝቃዛው ድምጿ። «መኪናው በውሃ ልክ ሆኖ አልቆ ነበር፤ አሁን ግን ቀኙ በሦስት ጣት ይበልጣል። ሞላ ደግሞ በገዛ ራሱ አያድግም።»

ሰውየው ወዲያው ሟሟ። ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። በአሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ከሟቹ የተላከ ፎቶ ነበር፤ ሥሩ «አለቀ» ይላል። ግራጫውን ፒካፕ ከቀኝ ጎኑ ያሳያል። ፎቶውን አሰፋችው። የፊት ቀኝ ጎማ ዳዶዎች አንድ አንድ መስመር አላቸው።

«ሳየው ቅር አለኝ» አለ ቆፋሪው። «ዝቅ ያለ መሰለኝ። ጎረቤቴ የያዘው ከዚህ ይበልጣል። ደወልኩና ለመንኩት፣ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ ‹እሺ፣ ስፔሰር አስገባልሃለሁ፣ ለማንም እንዳትናገር› አለኝ። በማግስቱ ሞተ ሲሉኝ አፌን ለጎምኩ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ፒካፑ ዙሪያ ቆሙ፦ ሚስትየዋ፣ ወንድሟ ጎሚስታው፣ ቆፋሪው፣ ሳጅኑ። መካኒኩ እጁ በካቴና እንደታሰረ መጣና ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም።

«ከክሪኩ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሳጅን፣ ስንት ወረደ?»

«ከአራት ሰዓት ከሩብ እስከ አሁን ሦስት ጣት።»

«በአራት ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ሦስት ጣት። ሥር የተኛ ሰው አሸልቦ እንኳ ነቅቶ ይወጣል። ክሪኩ ያፈሳል፤ አልገደለም። ቀጥሎ፣ መኪናው። በእነዚህ ጎማዎች ቆሞ ሳጅናችንን እንኳ አልነካውም። ስለዚህ ሲወድቅ ጎማው አልነበረም። የፊት ቀኙ ወልቆ ነበር። ያ ሲሚንቶው ላይ ያለው ፍንካች የፍሬን ዲስኩ ያረፈበት ነው።»

«ለምን ይወልቃል?» አለ መካኒኩ፤ ሳያስበው። «እኛ ጨርሰን ነበርኮ።»

«አለቃህ ያለውን ለወጠ። ሙሉ ሞላችሁ አናት ላይ ስፔሰር ጨመረበት። አንተ ንገራቸው፣ ስፔሰር ምን ያደርጋል?»

መካኒኩ ቆፋሪውን አየ። «ድፍን ብረት ነው። ሞላውን አያስረዝመውም፤ መኪናውን ብቻ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል መገጣጠሚያው ከአቅሙ በላይ ይለጠጣል። አንድ ቀን ይበጠሳል።»

«አለቃህ የቀኙን አስገብቶ፣ ሥር ሆኖ የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቅ አንድ ሰው የክሪኩን መልቀቂያ አዞረ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። ጎማው የወለቀ መኪና፣ የሚያፈስ ክሪክ፣ ሥሩ የሞተ ሰው፤ እኔም ዛሬ ጧት ፈርሜ ነበር። ያ ሰው ግን መኪናውን መልሶ አነሣና ጎማውን አሰረ።»

«ማን እብድ ነው እንደዚህ የሚያደርግ?» አለ ቆፋሪው።

«በተላከልዎት ፎቶ ላይ ዳዶዎቹ አንድ አንድ መስመር አላቸው። ዳዶ ወልቆ ሲመለስ የቀድሞ ቦታው ላይ አይቆምም፤ አሮጌው መስመር ወደ ጎን ይዞራል። አሁን ግን አዲስ መስመር አለ፣ በልኩ የገጠመ። ሰው ገድሎ የሚሸሽ ሰው ጎማ አያስርም። ቢያስር እንኳ በስድስት ዳዶ ላይ እየዞረ ቀለም አያሰምርም። ይሄን የሚያደርገው ያለ መስመር ጎማ ትቶ መሄድ የማይችል ሰው ብቻ ነው። በዚህ ግቢ ቢጫው ቀለም ያለው አንድ ኪስ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱም አያውስም።»

ማንም ወደ ጎሚስታው አልዞረም፤ ሁሉም ግን እሱን ነበር የሚያዩት።

«ጃኬቴን ረስቼ ነው የተመለስኩት» አለ ጎሚስታው፤ የዕቃ ዋጋ እንደሚናገር ሰው። «ጎማው ወልቋል፤ እሱ ሥር ነው። ‹ምንድን ነው?› አልኩት። ‹ስፔሰር› አለኝ። ‹ይሰብራል አላልክም እንዴ?› አልኩት። ‹ተወኝ ባክህ፣ ለልጅህ መሥሪያ ቤት መኪናም ያስገባሁት ይሄንኑ ነው፤ የገለበጠው ሾፌሩ ነው› አለኝ። ማን እንደሆንኩ ረስቶት ይመስለኛል። ሥራ ላይ ነበር። የክሪኩ እጀታ እግሬ ሥር ነበር።»

«ከዚያስ?»

«መልቀቂያውን አዞርኩ። መኪናውን መልሼ አነሣሁት። ሞቷል። ጎማው ተጋድሟል፤ አሰርኩት።»

«ለምን?»

«አላውቅም። ሲያልቅ ነው የታወቀኝ።»

መካኒኩ ወደ ጎሚስታው ዞረ። «ጋሼ፣ እኔ ታስሬ ነበርኮ። ሥራ ያስተማሩኝ እርስዎ!»

«ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነበር ልጄ። ነጋ፤ ተነሥቼ ሥራ ገባሁ። ሲመሽ ሄድኩ። ምንም አልተሰማኝም።»

በዚህ መካከል ሚስትየዋ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። «የስፔሰሩን ሳጥን ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ያኔም አልጠየቅሁም፤ የልጅህ መኪና ሲሠራም። ከቀብሯ በኋላ ሳጥኑ ጎድሎ አየሁት። ባሌ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ጎሚስታው እህቱን ለረጅም ጊዜ አያት። እሷ እጁን ልትይዝ ዘረጋች፤ ሳጅኑ ግን ቀድሞ ደርሶ ነበር። ካቴናው ከመካኒኩ እጅ ወጥቶ ለጎሚስታው ገባ፤ ሽማግሌው ለሳጅኑ እንዲመቸው እጁን አንድ ላይ አድርጎ ሰጠው። ሲወጡ ሚስትየዋ ተከተለቻቸው፤ ቆፋሪውም መኪናውን ዳግም ሳያይ ወጣ።

መካኒኩ ግን አልተንቀሳቀሰም። የተፈታ አንጓውን ያሻሻል።

«ሂድ እንጂ» አለችው መርማሪዋ። «ነፃ ነህ።»

«እናቴን በስልክ ነግሬያታለሁ» አለ። «ትናንት። ‹እማዬ፣ ሰው ገድያለሁ› አልኳት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ብዬ። አሁን ምን ብዬ ልደውልላት?»

ስልኳን ሰጠችው። ቁጥሩን መታ፤ ወዲያው ተነሣ፤ እሱ ግን ቃል አልወጣ አለው። መርማሪዋ ስልኩን ከእጁ ወሰደች።

«እማማ፣ ከፖሊስ ነው። ልጅዎ ማንንም አልገደለም። ተጣርቷል።»

ከማዶ የአሮጊት ድምፅ መጣ፣ ቆጣ ያለ፦ «እኔማ መቼ አምኜው! እሱ ነው እንጂ በራሱ ላይ ያመነ። አልበላም ይሆናል ይሄኔ። አንቺ ልጄ፣ በሞቴ፣ አንድ ነገር አብልተሽ ላኪልኝ።»

መርማሪዋ «እሺ» ልትል ፈለገች። አልቻለችም። ስልኩን ለመካኒኩ መለሰችና ፊቷን ቁልፎቹ ወደተሰቀሉበት ግድግዳ አዙራ ቆመች፤ ሳጅኑ ሊጠራት ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ከዚያ አልዞረችም።